182 ብር የሰዓት ዋጋሽ አይደለም

ጥያቄ፦

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። 34 ዓመቴ ነው። በአንድ የግል ድርጅት ለ9 ዓመት በሂሳብ ሠራተኝነት፣ በኋላም በፋይናንስ ኃላፊነት ሠርቻለሁ። ስለቅ ደሞዜ 32,000 ብር ነበር። ከጥር ወዲህ ንግድ ፈቃድ አውጥቼ በግሌ ማማከር ጀምሬያለሁ። ለትናንሽ ድርጅቶች ፒችትሪ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር አስጀምራለሁ፣ የተዝረከረከ ሂሳብ አስተካክላለሁ፣ ሠራተኞቻቸውን አሠለጥናለሁ።

የሰዓት ዋጋዬን ያወጣሁት ደሞዜን ለ176 ሰዓት አካፍዬ ነው። 182 ብር መጣ። በግሌ ስለሆንኩ ትንሽ ልጨምር ብዬ 250 አደረግሁት። አምስት ወር ሆነኝ፤ ከጠዋት እስከ ማታ ስሮጥ እውላለሁ፤ በወር የሚገባልኝ ግን 17,000 ብር ነው። ማስታወሻዬን ስደምር የሚከፈልበት ሰዓት በወር 68 ገደማ ብቻ ሆኖ አገኘሁት።

መርካቶ ያለ አንድ አስመጪ ደንበኛዬ ማታ ማታ ይደውላል። «አንዴ ብቻ ልጠይቅሽ» ይልና 40 ደቂቃ ያወራኛል። የእህቴ ባል ፔንሲዮን አለው፤ ሂሳቡን የምሠራለት እኔ ነኝ፤ ስለ ክፍያ ተነስቶ አያውቅም። አሁን ደግሞ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ውስጥ ምግብ ቤት ያለው የአብሮ አደጌ ወንድም «በዶላር ስንት ታስከፍያለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። መልስ ሳልሰጠው ሁለት ሳምንት አለፈ። ዋጋ ብጨምር ያሉኝም ይሸሻሉ ብዬ እፈራለሁ። ምን ይሻለኛል?

ስሌቱ የጠፋባት፣ ከገርጂ

መልስ፦

ስሌቱ ለጠፋባት እህቴ፤

ጋሼ ስላልሽኝ አመሰግናለሁ፤ ዕድሜዬንም አስታወስሽኝ። ደብዳቤሽን ሳነብ መጀመሪያ ደስ ያለኝ አንድ ነገር ነው፤ ሰዓትሽን ጽፈሽ ይዘሻል። በግላቸው ከሚሠሩ ሰዎች ብዙዎቹ ይህን አያደርጉም። «ሥራ አለ፣ ብር ግን የለም» ብለው ያልፋሉ። ያቺ 68 ቁጥር ባትኖር ኖሮ ዛሬ የምመክርሽ በግምት ነበር።

አሁን ወደ ስህተቱ። 32,000ን ለ176 ስታካፍዪ የማካፈሉ ሂሳብ ልክ ነው። ግን ያካፈልሽው ደሞዝን ነው፤ ደሞዝ ደግሞ አሠሪሽ ለአንቺ ከሚያወጣው ገንዘብ አንዱ ክፍል ብቻ ነበር። ጡረታሽን አስቢ። ከአንቺ 7 በመቶ ይቆረጥ ነበር፤ አሠሪው ደግሞ ከራሱ ኪስ 11 በመቶ ይጨምርልሽ ነበር። በ32,000 ብር ላይ 11 በመቶ በወር 3,520 ብር ነው፤ በዓመት 42,240። ኮምፒውተሩ የእነሱ ነበር። ኢንተርኔቱ፣ መብራቱ፣ ወረቀቱ፣ የፕሪንተር ቀለሙ የእነሱ ነበር። ስብሰባ ውስጥ ተቀምጠሽ ስታዛጊም ይከፈልሽ ነበር። ሲያምሽም ይከፈልሽ ነበር። ፋሲካም ዋለ አረፋ ደሞዙ አይጎድልም።

ከሁሉ የሚከፋው ግን ያቺ 176 ናት። ተቀጣሪ እያለሽ 176ቱም ሰዓት ተሸጦ ያለቀ ነበር፤ ገዢው አንድ ነው፤ ጠቅልሎ ገዝቶሻል። አሁን እያንዳንዷን ሰዓት አንቺ ነሽ የምትሸጪው። ዓመቱን እንቁጠረው። ከ365 ቀን ቅዳሜና እሑድን ስናወጣ 261 ይቀራል። በሥራ ቀን የሚውሉ በዓላት 12 ያህል በያቸው። የዓመት ፈቃድ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሲጀመር 16 የሥራ ቀን ነው፤ በየሁለት ዓመቱ አንድ ቀን ይጨመራል፤ በ9 ዓመትሽ 20 ደርሰሽ ነበር ማለት ነው። ለሕመም፣ ለለቅሶ፣ ለሠርግ 9 ቀን እንያዝ። (ለለቅሶ ብቻ 9 ቀን የሚሄድባት ሰው አውቃለሁ፤ ግን እንቀጥል።) 220 ቀን ቀረ። በ8 ሰዓት ስናባዛው 1,760 ሰዓት ነው።

አንቺ ደግሞ የምትሸጪው በወር 68፣ በዓመት 816 ነው። ከግማሽ በታች። ይህን አይተሽ ሰነፍ ነኝ ብለሽ እንዳታስቢ። የቀረው ሰዓት የት እንደሄደ አንቺም ታውቂዋለሽ። ከገርጂ መርካቶ ሄዶ መመለስ አለ። ባለቤቱ እንግዳ ይዞ ውጭ መጠበቅ አለ። የዋጋ ማቅረቢያ ጽፎ መልስ ማጣት አለ። ያልተከፈለ ሂሳብ ለመጠየቅ መደወል አለ። አዲስ መመሪያ ሲወጣ ቁጭ ብሎ ማንበብ አለ። እኔ እንኳ ይህን ሁሉ ዓመት ሠርቼ ከሥራ ሰዓቴ 60 በመቶውን መሸጥ ከቻልኩ ያ ዓመት ለእኔ የጥጋብ ነው።

እንግዲህ ቁጥሩን አብረን እንሥራው። የቀድሞ ደሞዝሽ በዓመት 384,000 ብር ነው። በአሠሪው በኩል ይገባልሽ የነበረው ጡረታ 42,240። ለትራንስፖርት፣ ለኢንተርኔት፣ ለስልክ፣ ለወረቀት በወር 9,000 ብር ብዬ ገምቻለሁ፤ በዓመት 108,000። ይህ የእኔ ግምት ነው፤ የራስሽን አስገቢ። ለኮምፒውተር መተኪያና ሥራ ለሚጠፋበት ወር 40,000 አስቀምጪ። ሲደመር 574,240 ብር። ለ816 ሲካፈል 703 ብር ከምናምን ይመጣል። ደሞዝሽንም ከግብር በፊት ስለያዝነው ማነጻጸሩ ትክክል ነው።

703 ብር። አንቺ እያስከፈልሽ ያለሽው 250።

ልብ በይ፤ 700 ብር ገና ዋጋ አይደለም። 700 ብር ማለት ከቀድሞ ኑሮሽ ሳትጎድዪ የምትቆሚበት ነው፤ ከዚያ በታች በሠራሽ ቁጥር ለደንበኛው ከኪስሽ እየጨመርሽለት ነው። ትርፍ፣ የ9 ዓመት ልምድ፣ «ይቺን ልጅ ጥሯት፣ ታስተካክለዋለች» የሚያሰኘው ስም ገና አልተቆጠሩም። እኔ ብሆን 900 እልና ከዚያ እነሳለሁ። ቫት ተመዝጋቢ ከሆንሽ 15 በመቶው ከዚህ በላይ ነው። «ቫትን ሳይጨምር» የምትለዋን ሐረግ አትርሺ፤ ረስተሽ 900 ካልሽ በኋላ ደንበኛው ቫቱ ውስጡ ነው ብሎ ድርቅ ቢል ከባድ ነው።

አሁን ምናልባት የማትጠብቂውን ነገር ልንገርሽ። ይህን 900 ብር ለማንም አትንገሪ። የሰዓት ዋጋ ለአንቺ መለኪያ ይሁን፤ ለደንበኛ ግን ሥራውን ቆርጠሽ ንገሪው። ምክንያቱ ሁለት ነው።

አንደኛው የእኛ ሰው ነው። አዲስ አበባ ውስጥ ለአንድ ነጋዴ «በሰዓት 900 ብር» ብትዪው የሚያስበው ያንቺን ሙያ አይደለም፤ ሠራተኞቹ በቀን የሚያገኙትን ነው። ወዲያው ይደነግጣል። ከዚያም ሰዓት መቁጠር ይጀምራል። «ቡና ስትጠጪ የነበረውም ተቆጥሯል?» ይልሻል። በቀልድ መልክ ነው የሚለው፤ ግን እየቀለደ አይደለም። ያው ሰው «ፒችትሪውን አስጀምሬ፣ የዓመቱን መነሻ ሂሳብ አስገብቼ፣ ሁለት ሠራተኛ አሠልጥኜ 36,000 ብር» ስትዪው ቁጭ ብሎ ይደራደራል። የሚገዛውን ነገር አይቶታላ።

ሁለተኛው ያንቺው ችሎታ ነው። የመጀመሪያውን የአካውንት ዝርዝር ስታዘጋጂ ስንት ቀን ፈጀብሽ? ሳምንት? ዛሬ ያዘጋጀሽው ናሙና አለሽ፤ በአንድ ቀን ተኩል ትጨርሺዋለሽ። በሰዓት ካስከፈልሽ ሥራ በለመድሽ ቁጥር ገቢሽ ይቀንሳል። ተንቀርፋፊዋ ጎረቤትሽ ካንቺ የበለጠ ታገኛለች። እንዲህ ያለ አሠራር ውስጥ ራስሽን አታስገቢ።

እርግጥ በሥራ ቆርጦ መናገርም አደጋ አለው፤ ያቃጠለኝ ስለሆነ ላስጠንቅቅሽ። አንድ ድርጅት «የሁለት ዓመት ሂሳብ ነው፣ ሰነዱ ተዘጋጅቷል» ብሎኝ ሳላይ ዋጋ ተናገርኩ። ስሄድ ሰነዱ በሦስት ማዳበሪያ ተጠቅጥቆ ጠበቀኝ። ደረሰኙ ከምግብ ቤት ቢል ጋር፣ የ2012ቱ ከ2014ቱ ጋር። ስለዚህ ሰነድ ሳታዪ ዋጋ አትናገሪ። ለማየት ብቻ ግማሽ ቀን ጠይቂ፤ ለእሱም አስከፍዪ። ሥራውን ከሰጡሽ ከጠቅላላው ይቀነስላቸዋል በያቸው። በዚህ የሚከፋ ደንበኛ ኋላም ክፍያ ላይ ያስቸግርሻል።

ግማሽ ቀን ካልኩ አይቀር፣ ከግማሽ ቀን ያነሰ ሥራ አትሽጪ። መርካቶ ከጅምላ ሻጭ በር ቆመሽ «አንድ ሳሙና ስጡኝ» ብትዪ ይስቁብሻል። አንቺም እንደዚያው ነሽ። የአንድ ሰዓት ሥራ ብለሽ ከገርጂ ስትወጪ ከሰዓት በኋላው አብሮ ሄዷል። ትንሹ መሸጫሽ 4 ሰዓት ይሁን፤ በ900 ሂሳብ 3,600 ብር። ቶሎ ከጨረሽ የእነሱ ዕድል ነው፤ ተጨማሪ ጥያቄ ይጠይቁሽ።

አሁን ወደ ከባዱ። ይሉኝታ። ደብዳቤሽ ውስጥ ቃሉ የለም፤ በየመስመሩ ግን እሱ ነው ያለው። ዋጋ መናገር ያሳፍረናል። «እንደው የምትችሉትን» እንላለን። ወይም ዋጋውን ተናግረን ዝምታው ሲከብደን ራሳችን እንቀንሳለን፤ «20,000 ነው... ግን 15ም ይሆናል» እንላለን፤ ሰውዬው ገና አፉን ሳይከፍት። እኔ የመጀመሪያ ሥራዬ ላይ ለአንድ ድርጅት የሠራተኛ አስተዳደር መመሪያ ላዘጋጅ ተጠርቼ በአንድ ነጠላ ወረቀት 15,000 ብር ብዬ አቀረብኩ። ሥራ አስኪያጁ ወረቀቱን ገልብጦ ጀርባውን አየ። ሌላ ቁጥር የሚኖር መስሎት ነው። «በቃ ይኸው ነው?» አለኝ። ኮርቼ «አዎ» አልኩ። መመሪያውን ሠራሁ፤ ወደውታል። የሁለተኛውን ዙር ሥራ ግን ለሌላ አማካሪ ሰጡት፤ በሦስት እጥፍ ዋጋ። ለምን ብዬ ስጠይቅ «ይሄኛው ከባድ ስለሆነ የበሰለ ሰው ፈልገን ነው» አሉኝ። ርካሽነቴን ያዩት እንደ ችሎታ ማነስ ነበር። አበው «ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል» ያሉት እንዲህ ዓይነቱን ነው።

ስለዚህ ዋጋሽን በአንድ ዓረፍተ ነገር ተናገሪና ዝም በይ። ውሃ ጠጪ። የፈለገውን ያህል ዝምታው ቢረዝም አትሙዪው። ቀጥሎ «የመጨረሻው ስንት ነው?» መምጣቱ አይቀርም፤ ይህ ስድብ አይደለም፤ ጨርቅ ሲገዛም እንደዚሁ ነው የሚለው። መልስሽ ዋጋውን ሳይሆን ሥራውን የሚቀንስ ይሁን። «30,000 ካላችሁ ሥልጠናውን እናውጣው፤ አስጀምሬ አስረክባችኋለሁ» በዪ። በነጻ 6,000 ብር ከጣልሽ ግን የመጀመሪያው ዋጋሽ ውሸት ነበር ማለት ነው። ቀጣዩም ደንበኛ ይሰማል፤ ነጋዴዎች ይነጋገራሉ።

አስመጪው ማታ ሲደውል ምን ላድርግ ነው ያልሽው። ሰውየው ክፉ አይመስለኝም። ስልክ ነጻ እንደሆነ ያሳየሽው አንቺ ነሽ። በሳምንት ሁለቴ 40 ደቂቃ ካወራሽ በወር ከ5 ሰዓት በላይ ነው፤ በ700 ብሩ እንኳ 3,500 ብር ያለፈ ወጪ። እንዲህ ያለውን ደንበኛ በወር ክፍያ ያዢው። በወር ሁለት ጊዜ ቢሮው ትሄጃለሽ፤ ስልክ እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ድረስ ክፍያው ውስጥ ነው፤ ከዚያ በኋላ በጽሑፍ ይላክና ጠዋት ይመለሳል። በወር 18 ሰዓት ብትይዢለት 16,200 ብር ነው። እንዲህ ያሉ ሦስት የወር ደንበኞች ቢኖሩሽ 54 ሰዓትሽ ሳትሮጪ ተሸጠ ማለት ነው።

የእህትሽ ባል... እዚህ ላይ አጭር ልሁን። ወይ ስጦታ አድርጊው ወይ አስከፍዪው፤ መሐል ቤት አታንጠልጥዪው። ስጦታ ከሆነ መጠን ይኑረው። ሙሉውን ዋጋ የያዘ ወረቀት ጻፊና ከታች «የቤተሰብ ስጦታ፣ እስከ ሰኔ 30» ብለሽ ስጪው። ከሐምሌ ጀምሮ ግማሽ ዋጋ በዪው። ለእህትሽ ግን ቀድመሽ ንገሪያት፤ ከባሏ እንዳትሰማው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ ሰው ደግሞ ሁለት ሳምንት የጠበቀው አንቺ የብር ዋጋሽን ወደ ዶላር እየመነዘርሽ ግራ ስለገባሽ ይመስለኛል። አትመንዝሪ። 900 ብር ተመንዝሮ ጥቂት ዶላር ነው፤ ያን ብትነግሪው ደስ ብሎት ይቀበልሻል፤ አንቺም ትታሰሪያለሽ። እሱ የሚያነጻጽርሽ እዚያው ሜሪላንድ ካለ ሂሳብ ያዥ ጋር ነው። ስለዚህ እዚያ አካባቢ ላሉ ምግብ ቤቶች ሂሳብ የሚይዙ ሰዎች በወር ስንት እንደሚያስከፍሉ አብሮ አደግሽ ሦስት አራት ሰው ይጠይቅልሽ። ከዚያ ዝቅ ብለሽ፣ ግን ከአዲስ አበባ ዋጋሽ በደንብ ከፍ ብለሽ በወር ቆርጠሽ ንገሪው።

ሦስት ነገር ግን አስቢበት። የሰዓት ልዩነቱ በእነሱ በጋ 7፣ በክረምታቸው 8 ሰዓት ነው። ምግብ ቤቱን ዘግቶ ሊያወራሽ ሲቀመጥ አንቺ ዘንድ ሊነጋ ነው፤ የስልክ ሰዓታችሁ የእሱ ጠዋት ይሁን። ሁለተኛ፣ ሂሳብ መያዝ ላይ ቁሚ። በአሜሪካ የፌዴራል ግብር ማስታወቂያ በክፍያ የሚያዘጋጅ ሰው ከአገሪቱ የግብር መሥሪያ ቤት ከአይአርኤስ ፒቲን የሚባል መለያ ቁጥር ሊኖረው ይገባል፤ ያን ለእዚያው ባለሙያ ተዪለት። ኩዊክቡክስ የሚባለውን የሂሳብ ሶፍትዌር ካላወቅሽ ደግሞ ከአሁኑ ተለማመጂ፤ ፒችትሪ እዚያ አይጠቅምሽም። ሦስተኛ፣ በዶላር ተዋዋይ፤ የማስተላለፊያውን ወጪ ማን እንደሚችል ጻፊ። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ሲለቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር ተነስቶ ዓመት ሳይሞላው ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ያኔ በብር የዓመት ውል የፈረሙ አማካሪዎች ዓመቱን ሙሉ ጥርሳቸውን ነክሰው ነው የጨረሱት። ለአገር ውስጥ ውሎችሽም ቢሆን ከስድስት ወር በላይ ከሆኑ የዋጋ ማሻሻያ አንቀጽ አስገቢ።

ይህ ሥራ የወደድኩልሽ ግን በዶላሩ ብቻ አይደለም። የእኛ የግብር ሩጫ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት 30 ነው። የእነሱ ከጥር እስከ ሚያዝያ ነው፤ የግለሰብ ግብር ማስታወቂያቸው የመጨረሻ ቀን በፈረንጆች ሚያዝያ 15 ነው። አንቺ ሥራ ሲቀዘቅዝብሽ እነሱ ይሞቃሉ።

ተቀናሽ ግብር (ከፋዩ ከክፍያሽ ላይ ቀንሶ ለመንግሥት የሚያስገባው) ሲያዝብሽ ደረሰኙን ሳትቀበዪ አትውጪ ብልሽ ለቀባሪው ማርዳት ይሆንብኛል፤ የሂሳብ ሰው ነሽ። ለሌሎች አንባቢዎች ስል ግን፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር ሳታቀርቡ ብትሠሩ ከፋዩ ድርጅት ከክፍያችሁ ትልቅ ድርሻ ይይዝባችኋል፤ የዋጋ ስሌታችሁ ሁሉ እዚያው ላይ ይፈርሳል። ቅድሚያ ክፍያን በተመለከተ ከ30 በመቶ በታች ሥራ አትጀምሪ። የመጨረሻውንም ክፍያ «ሥራው ሲጸድቅ» በሚል አታንጠልጥዪው። ማን ነው የሚያጸድቀው? መቼ? «ሰነዱ በተረከቡ በ10 ቀን» ብለሽ ጻፊ። እኔ በዚያች በ«ሲጸድቅ» ምክንያት አራት ወር የጠበቅሁበት ጊዜ አለ፤ የሚያጸድቀው ሰውዬ ለትምህርት ውጭ ሄዶ።

ያሉኝ ይሸሻሉ ብለሽ ፈርተሻል። አንድ ሁለቱ ይሸሹ ይሆናል። በ250 ብር 68 ሰዓት ስትሠሪ 17,000 ነው። በ900 ብር ግማሹ ደንበኛ ቢሄድና 34 ሰዓት ብቻ ቢቀርሽ 30,600 ነው፤ ቀሪውን 34 ሰዓት ደግሞ ተኝተሽም ሆነ አዲስ ደንበኛ ፈልገሽ ታሳልፊዋለሽ። ግን ሁሉንም በአንድ ቀን አትጨምሪባቸው። አዲስ የሚመጣው ሁሉ ዛሬውኑ በአዲሱ ዋጋ ይግባ። ለነባሮቹ የበጀት ዓመቱ መለወጫ ጥሩ ሰበብ ነው፤ እነሱም የሚያቅዱት ያኔ ነው። አሁን ሰኔ ነው፤ ደብዳቤውን በዚህ ሳምንት ላኪ። ለአስመጪው እንዲህ ብለሽ ብትጽፊ ይበቃል፦

«ጋሽ እገሌ፣ እንደምን ሰነበቱ። ከሐምሌ 1 ጀምሮ የማማከር ሥራዬን በወር ክፍያ አድርጌዋለሁ። ለእርስዎ ድርጅት በወር ሁለት ጊዜ ቢሮ መምጣትን፣ ወርሃዊ ሪፖርትንና እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት የስልክ ምክርን ጨምሮ 16,200 ብር ነው፤ ቫትን አይጨምርም። ውሉን አያይዤ ልኬያለሁ። የሰኔው በነበረው ዋጋ ይቀጥላል። ሐሙስ ጠዋት ልምጣና እንነጋገርበት?»

ይቅርታ የሚል ቃል እንዳትጨምሪበት። ጋሽ እገሌ በሚለው ቦታ የሰውየውን ስም መጻፍ ግን አትርሺ፤ እኔ አንዴ ረስቼ ልኬዋለሁ።